የዱቤ ካርድ የሌለው ቤት ሒሳብ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1958 ባንክ ኦቭ አሜሪካ የተባለው ባንክ በካሊፎርኒያ ለምትገኘው ለፍሬዝኖ ከተማ ነዋሪዎች 60,000 ያህል የዱቤ ካርዶችን፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በፖስታ ላከ። ከዚያ ወዲህ ካርዱ ዓለምን ሲያዳርስ ለሰው የሚሰጠው ገንዘብ ነው እየተባለ ቆይቷል። ነገሩ በጥሞና ሲታይ ግን ካርዱ የሚሰጠው ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ ነው። ባለካርዱ ዕቃውን ዛሬ ይወስዳል፤ ሒሳቡ በወሩ መጨረሻ ይመጣለታል፤ ያን ጊዜ ሙሉውን ከከፈለ ወለድ የለበትም፤ ካሳደረው ግን ዕዳው ይወልዳል።

በደቡብ ወሎ፣ በጃማ ወረዳ ዋና ከተማ በደጎሎ፣ እንዲህ ባለው ካርድ ኑሮውን የሚመራ ቤተሰብ አይገኝም። በጠቅላላው በኢትዮጵያ ባንኮች የሚሰጡት ካርዶች በአብዛኛው ሰው የራሱን ተቀማጭ የሚያወጣባቸው እንጂ የሚበደርባቸው አይደሉም። ይሁን እንጂ የደጎሎ ቤተሰብም የሚያስፈልገው ያው ጊዜ ነው። ጥያቄው ጊዜውን ከየት ያገኘዋል፣ ስንትስ ይከፍልበታል የሚለው ነው።

የጃማ አምባ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ የሚያቁር ጥቁር አፈር የበዛበት፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባቄላና ምስር የሚበቅልበት አገር ነው። ዋናው አዝመራ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል። ገቢው በአንድ ወቅት ሲመጣ ወጪው ግን አሥራ ሦስቱንም ወር ይከተላል። ሰርግ በጥር ይመጣል፤ ማዳበሪያና ዘር በሰኔ፤ የጎተራው ወለል የሚታየው በሐምሌና በነሐሴ፤ ደብተርና የተማሪ ልብስ ደግሞ በመስከረም። ዕዳና ግብር የሚጠየቀው አዝመራ እንደ ገባ በመሆኑ፣ ገበሬው እህሉን የሚሸጠው ሻጭ በበዛበት ወር ነው። ለስሌት እንዲመች አንድ ቤተሰብ በታኅሣሥ አንድ ኩንታል ስንዴ በ5,000 ብር ሸጦ፣ በነሐሴ ያንኑ ኩንታል በ6,000 ብር መልሶ ገዛ እንበል። በስምንት ወር ከመቶ 20፣ በዓመት ሲሰላ ከመቶ 30 ከፈለ ማለት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በብድር ውል ላይ የፈቀደው ከፍተኛ ወለድ በዓመት ከመቶ 12 ነው። ይህ ቤተሰብ ከማንም አልተበደረም፤ ከራሱ ጎተራ ተበድሮ ከሕጉ ጣሪያ እጥፍ በላይ ወለድ ከፈለ። ወለድ ብሎ የጠራው ስለ ሌለ ብቻ አይታይም። ስለዚህ ነቀዝ የማይገባው ጎተራ፣ አየር የማያሳልፍ ከረጢትም ቢሆን፣ የእህል ማስቀመጫ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ተቋም ነው።

በከተማው ውስጥ ካርድን ይበልጥ የሚመስለው የባለሱቁ ደብተር ነው። መምህሩ ወይም ጤና ረዳቱ ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና ይወስዳል፤ ባለሱቁ ስምና ቀን ይጽፋል፤ ደመወዝ ሲወጣ ይሰረዛል። (ግድግዳው ላይ «ዱቤ የለም» የሚል ወረቀት የለጠፈ ባለሱቅም ከጠረጴዛው ሥር ደብተር አያጣም።) በደብተሩ ላይ ወለድ አይጻፍም። ነገር ግን በዱቤ የሚወስድ ሰው ዋጋ ለመከራከር አፉ አይደፍርም፤ ወደ ሌላ ሱቅም አይሄድም። የዱቤው ዋጋ ያ ዝምታ ነው።

ዕቁብ ከሁሉ ይልቅ የተመሰገነ ነው፤ ምስጋናውም ይገባዋል። ሃያ ሰው በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥል በየሳምንቱ 10,000 ብር ይወጣል። ዕጣው በመጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ፤ በመጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አስቀመጠ። ዳኛና ጸሐፊ አለ፤ የወሰደ ሰው ዋስ ይጠራል። ነገር ግን ዕጣ የችግርን ቀን አያውቅም። ልጁ የታመመበት ሰው ዕጣው ካልወጣለት ከደረሰው ሰው ይገዛል። ተራውን በአሥር ሳምንት ለማስቀደም 500 ብር ቢከፍል፣ ለ10,000 ብር ከመቶ 5 በአሥር ሳምንት፣ በዓመት ከመቶ 26 ማለት ነው። ይህን ሲሰማ ዕቁብተኛው ራሱ ይደነቃል። እንዲያም ሆኖ ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ከመቆም እጅግ የተሻለ ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አራጣን ወንጀል አድርጎ መደንገጉ ያለ ምክንያት አይደለም።

ዕድር በወሎ ቅሬ ይባላል፤ በብዙ ቦታም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ። ቀን የማይሰጠውን ወጪ ቅሬ ይሸከማል፤ የሚሰጠውም ብር ብቻ ሳይሆን ጉልበት፣ ድንኳንና ምግብ ጭምር ነው። ጉድለቱ ሌላ ነው። ለሞተው የተዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ ለታመመው አይደርስም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 ለሙከራ ሲጀመር፣ ከተመረጡት የአማራ ክልል ወረዳዎች አንዱ እዚያው ደቡብ ወሎ ውስጥ የሚገኘው ተሁለደሬ ነበር። ብዙ ቤተሰብ ወደ ዕዳ የሚገባው በሕመም በር መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ምርጫው ትክክል ነበር።

ተቀማጭን በተመለከተ የከተማ ሰው ገበሬውን ገንዘቡን ባንክ አያስገባም ብሎ ይወቅሳል። ወቀሳው ሒሳቡን አላየም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ ከመቶ 7 አሳደገ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዋጋ ንረቱ ከመቶ 30 በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 10,000 ብር በከመቶ 7 ወለድ ያስቀመጠ ሰው 10,700 ብር አገኘ፤ የመግዛት ኃይሉ ግን 8,200 ብር ያህል ሆነ። በግ ገዝቶ ለጎረቤት በርቢ የሰጠ ሰው በጉ ካልሞተበት ግልገል ተካፈለ። ከወለድ መራቅ ሃይማኖታዊ ግዴታቸው ለሆነባቸው ብዙ የአካባቢው ነዋሪዎች ደግሞ ባንክ ቤት ለረጅም ዘመን ግማሽ በሩ የተዘጋ ቤት ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ጎተራ፣ ደብተር፣ ዕቁብ፣ ቅሬ፣ በግ፤ ምሰሶዎቹ አምስት ናቸው። መሐንዲስ ግን ምሰሶ ከቈጠረ በኋላ መሠረቱን ይጠይቃል። ዝናብ በቀረበት ዓመት ጎተራው ይጎድላል፤ ዕቁብተኛው መጣል ያቅተዋል፤ ባለሱቁ የሚሰበስበው ስለማይኖረው ደብተሩን ይዘጋል፤ በግና በሬ የሚሸጠው ሁሉ በአንድ ገበያ ተገናኝቶ ዋጋውን ያወርዳል። አምስቱም ምሰሶዎች የቆሙት በአንድ አፈር ላይ ነው። ወሎ ይህን በ1965 እና በ1966፣ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. በመራራ ዋጋ አይቶታል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረኃብ በሚያትተው መጽሐፉ የመጀመሪያውን ረኃብ ሲመረምር፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አለመናሩን አመለከተ። ከገበሬው እጅ የጠፋው መግዣው ነበር።

ከዚህ የተነሣ ብድር የሚያቀርቡ ድርጅቶችም ያው መሠረት ይፈትናቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ የጀመረው፣ በኋላም ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም መያዣ የሌለውን ሰው በቡድን ዋስትና አበደረ። ትልቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ቀበሌ ጎረቤታሞች እርስ በርስ ሲዋዋሱ በረዶው የሚመታው የሁሉንም ማሳ ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ነገሩን በከፊል ለወጠው። በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ ከዳሸን ባንክ ጋር የቀረበው «እንደኪሴ» ሒሳብ ሲያንስ የጎደለውን ሞልቶ ክፍያውን ስለሚፈጽም፣ ወደ ደጎሎ ከደረሱት አገልግሎቶች ሁሉ ለዱቤ ካርድ የቀረበው እርሱ ነው። የስልኩ ትልቁ ጥቅም ግን ብድሩ አይደለም። አዲስ አበባ ወይም ኮምቦልቻ የምትሠራ ልጅ በዚያው ቀን ለእናቷ ብር መላክ መቻሏ፣ ማለትም ከጃማ ዝናብ ውጭ የቆመ ስድስተኛ ምሰሶ መኖሩ ነው። ይህም የራሱ ስንጥቅ አለው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የባንክ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። በስልክ ውስጥ ያለ ብር አንቴናው ሲቆም አብሮ ይቆማል።

ስለዚህ ካርድ የሌለው ቤት የሚጠበቅበት ቅደም ተከተል ነው። በጉ ከበሬው በፊት ይሸጣል፤ በሬ የሸጠ ቤት መቀናጆውን አጥቶ የሚመጣውን ዓመት ምርት አብሮ ይሸጣልና። ከቁጠባው ጥቂቱ፣ ዋጋው ቢሸረሸርም፣ ከወረዳው ውጭ ባለ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ጥቂት ጥሬ ብርም በእጅ ይኖራል። የዕቁቡ ዓባላት ደግሞ ሁሉም ገበሬ ወይም ሁሉም ነጋዴ ሳይሆኑ ደመወዝተኛ የተቀላቀለባቸው ቢሆኑ ይመረጣል። የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ያላት መካነ ሰላም በዚህ ረገድ ከደጎሎ ይልቅ ዕድለኛ ናት።

የተከበራችሁ መሐንዲሶች፤ እስካሁን የተነገረው ስለ ሌላ ሰው ኪስ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ በየወረዳው መንገድ፣ ትምህርት ቤትና የውሃ ግንባታ ይካሄዳል፤ የቀን ሠራተኛም ይቀጠራል። አርባ ሠራተኛ፣ በቀን 200 ብር፣ በወር 26 ቀን ይሠራል እንበል። የክፍያ ሰነዱ ሳይፈረም ሁለት ወር ቢዘገይ ያልተከፈለው ደመወዝ 416,000 ብር ነው። ሠራተኞቹ የዚህን ግማሽ እንኳ በዱቤ ቢኖሩበት፣ 208,000 ብር ለግንባታው ያበደሩት የከተማይቱ ባለሱቆች ናቸው። ስማቸው በውሉ የለም፤ ድርሻቸውም በሥራና በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ አልተጻፈም። ባለሱቁ ያን ያህል መሸከም ሲያቅተው ደብተሩን የሚዘጋው ለግንባታው ሠራተኛ ብቻ አይደለም፤ በነሐሴ ዘይት ለምትጠይቀው ባልቴትም ነው። የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ከዋናው ክፍያ ተለይቶ በልዩ ሒሳብ ቢቀመጥና በየአሥራ አምስት ቀኑ ቢከፈል፣ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የውል አንቀጽና አንድ ፊርማ ነው። አንቀጹን የሚያረቅቁትም፣ የሚፈርሙትም በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል።