ስለ አላታው ድልድይ፦ ፈቃድ ሳይወጣ ድንጋይ አይነካ
(በሠፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን የአላታው ድልድይ ጉዳይ ሲነሣ፥ ከወጣቶቹ አንዱ «ገንዘብ እናዋጣ፥ ሲሚንቶ እንግዛ፥ በደቦ ሁለት ቀን አይፈጅብንም» ማለቱን ታስታውሳላችሁ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን እንቅልፍ ነሣኝ፤ ዛሬ የቆምኩትም ለዚሁ ነው።

እንደሚታወቀው፥ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ዝቅ ብሎ ያለው ይህ ድልድይ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ የተሠራ ነው። የፖርቱጋል ድልድይ ይባል እንጂ ያሠሩት የራሳችን ንጉሥ ናቸው። ድንጋዩን ያያዘው ሲሚንቶ ሳይሆን ኖራ ነው። እንቁላል ተቀላቅሎበታል የሚሉም አሉ፤ ሆነም አልሆነ፥ አራት መቶ ዓመት ያህል የዓባይን ክረምት ችሏል።

ታዲያ ሲሚንቶ ብንመርግበት ምን አለበት? ትሉ ይሆናል። ኖራ የገባበትን ውኃ መልሶ ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን ውኃውን ውስጥ ያፍነዋል፤ የታፈነውም ውኃ ድንጋዩን ይበላዋል። ሩቅ ሳንሄድ ጎንደርን እንይ። ጣልያን በወረራው ዘመን የፋሲል ግቢን በሲሚንቶና በኮንክሪት ጠግኖት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዩኔስኮ እርዳታ ያ ሲሚንቶ እየተነሣ በኖራ ይተካ ጀመር። ሁለት ጊዜ ወጪ፥ ሁለት ጊዜ ድካም ማለት ነው።

ሰባራ ድልድይንም አስቡ። በጠላት ጊዜ ወገቡ ተቆረጠ፤ ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት ሙሉ ሰው በገመድ እየተጎተተ ዓባይን ተሻገረ! እ.ኤ.አ. በ2002 በብረት ቢቀጠልም ጎርፍ መልሶ ወሰደው። ድልድይ አንዴ ከሄደ መመለሱ ቀላል አይደለም።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209፥ ቅርስ ከመጠገኑ በፊት የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይቅደም ብሏል። ስለዚህ እንዲህ እናድርግ፦

1ኛ/ የድልድዩን ግራና ቀኝ፥ ከታችም ከላይም ፎቶግራፍ እናስነሣ።
2ኛ/ ከዚህ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጋር ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ማመልከቻ እናስገባ፤ ከዚያ ወደ ዞኑ፥ ወደ ክልሉና ወደ ቅርስ ባለሥልጣን እንዲተላለፍልን እንከታተል።
3ኛ/ ድልድዩ የኛ ብቻ አይደለምና የማዶ ጎረቤቶቻችንም አብረውን ይፈርሙ።
4ኛ/ መዋጮው በማኅበሩ ካዝና ይቆይ።

«ፈቃድ እስኪመጣ ዕድሜ ያልቃል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፥ ደጅ መጥናት ያሰለቻል። እስከዚያው ግን ማንም ሰው በድልድዩ ላይ የበቀለ ቁጥቋጦ እንኳ እንዳይነቅል እለምናለሁ፤ ሥሩ ድንጋዩን ይዞት ይወጣል። ምን ማድረግ እንደሚገባ ባለሙያው ይንገረን።

ወጣቶች ሆይ፥ ደቦው አልቀረም። ድንጋይ የሚያመላልስ፥ ኖራ የሚያቦካ ክንድ ያኔ ይፈለጋል። እስከዚያው ማመልከቻውን ይዞ ወረዳ የሚመላለስ እግር ነው የቸገረን። የሚችል እጁን ያውጣ።