የምዝገባ ፍትሕና የርእሰ መምህራን ሥልጠና በአቃቂ ቃሊቲ



አቃቂ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው የባቡር ሐዲድ መስመር ላይ፣ ኋላም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ዙሪያ ያደገች የሠራተኛ ሰፈር ናት። ዛሬ የክፍለ ከተማውን መልክ የለወጡት እንደ ቱሉ ዲምቱ ያሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ናቸው። ሕንፃው ዕጣ በወጣ ማግሥት ሰው ይሞላዋል፤ ትምህርት ቤቱ ግን በዚያው ፍጥነት አይሰፋም። (ውኃና መንገድ የሚያሰላ መሐንዲስ የመማሪያ ወንበርም ቢያሰላ ባልከፋ።)

ሸክሙ የሚያርፈው በርእሰ መምህሩ ጫንቃ ላይ ነው፤ እርሱም ጠመኔ ይዞ የኖረ መምህር እንጂ በዚህ ስሌት የሠለጠነ አይደለም። ለምሳሌ 24 ክፍሎች ያሉት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይታሰብ። ለረጅም ጊዜ በተሠራበት የ50 ተማሪ መለኪያ 1,200 ልጆች ይይዛል። 1,800 ቢመጡ በየክፍሉ 75 ይሆናሉ። በሁለት ፈረቃ ቢከፈሉ ቁጥሩ ወደ 38 ይወርዳል፤ የትምህርቱ ቀን ግን ይቆረጣል። 600ዎቹ ይመለሱ ከተባለ፣ አስቀድሞ የሚመለሰው ዘመድ የሌለው፣ የመኖሪያ መታወቂያ ገና ያላወጣው ተከራይ ልጅ ነው።

መመዝገብ ብቻውንም መማር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ ሥልጠናው መመሪያ በማንበብ ሊወሰን አይገባውም። ከምዝገባው በፊት የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራን የሰፈሩን ካርታ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ልጆቹንና ወንበሮቹን ይቁጠሩ፤ የቅድሚያውንም ተራ ወላጅ ሁሉ በሚያነብበት ሰሌዳ ላይ ይለጥፉ።