የፈር አውቶሞቢሎች ውድድር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር



ከመድረኩ በስተግራ በረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ተዘርግቶ የሚታየው ጥቁር ጎዳና ከማለዳ ጀምሮ ብዙ ሰው ሲያነጋግር ቆይቷል። የባቡር ሐዲድ ነው ያሉ አሉ። አንድ አባት ደግሞ፤ «ይህስ የሕፃናት መጫወቻ ነው፤ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ምኑ ነው?» ሲሉ ሰምተናቸዋል። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ስለ ሆነ የተፈቀደልንን ጥቂት ደቂቃ ለእርሱ መልስ ልናውለው አስበናል።

እኛ ስድስት ነን፤ አራት ወንዶችና ሁለት ሴቶች። ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም ባለፈው ዓመት ከእንግሊዝ አገር ሲመለስ ይህን ዕቃ በሣጥን ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ፈተና ካልከለከለን በቀር በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ በእነርሱ ቤት እየተሰበሰብን እንወዳደራለን። ክበብ ብለን ሰይመነዋል። ሊቀ መንበር አለን፤ የተጻፈ ሕግም አለን፤ ገንዘብ ያዥ ግን የለንም፤ የሚያዝ ገንዘብ ስለሌለ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንግለጽ። አውቶሞቢሎቹ ከእውነተኛው 32 ጊዜ ያነሱ ናቸው፤ 4 ሜትር ከ48 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም መኪና በዚህ ስሌት 14 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። በእያንዳንዱ ሆድ ሥር አንዲት ምላስ አለች። ይህች ምላስ በጎዳናው ላይ ወደ ተቀደደው ጠባብ ፈር ትገባና መኪናውን ትመራዋለች። በፈሩ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት መስመሮች ተነጥፈዋል፤ ከምላሷ ጎን ያሉት ሁለት የመዳብ ሽሩባዎችም እነዚያን መስመሮች እየዳሰሱ የኤሌክትሪኩን ኀይል ለሞተሩ ያቀብላሉ። ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ትራንስፎርመሩ ወደ 12 ቮልት ገደማ ስለሚያወርደው ወላጆች ስለ ታናናሾቻችን ጣት አይሥጉ። ነጂው መሪ የለውም፤ ፍሬንም የለውም። በእጁ ያለችው እንደ ጠመንጃ ያለች አንዲት ምላጭ ብቻ ናት፤ ሲስባት መኪናው ይፈጥናል፤ ሲለቃት ይቀዘቅዛል። ገበሬ ስለ በሬው «ፈር ለቀቀ» የሚለውን ቃል እኛም ለመኪናው ወስደነዋል፤ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘንለትም።

ጨዋታው ከገመትነው በላይ የቆየ ሆኖ አገኘነው። ላዮኔል የተባለው የአሜሪካ የመጫወቻ ባቡር ፋብሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 በኤሌክትሪክ የሚሄዱ የውድድር አውቶሞቢሎችን ለገበያ አውጥቶ፤ ብዙም ሳይቆይ ትቶት ነበር። ዛሬ የምናውቀውን መልክ የሰጡት ፍሬድ ፍራንሲስ የተባሉ እንግሊዛዊ ናቸው። የእርሳቸው ፋብሪካ በ1952 ስኬሌክስ የሚባሉ፤ እንደ ሰዓት በሞላ የሚሄዱ የቆርቆሮ መኪናዎችን መሥራት ጀመረ። በኋላም ሞላውን አውጥተው የኤሌክትሪክ ሞተር ከተቱበትና በ1957 በሃሮጌት ከተማ በተደረገው የመጫወቻ ዕቃዎች ትርኢት ላይ አቀረቡት፤ ስሙንም ስኬሌክስንና ኤሌክትሪክን አጋጥመው ስኬሌክስትሪክ አሉት። በ1960ዎቹ ጨዋታው በአሜሪካ እጅግ ተስፋፍቶ፤ ሰው እየከፈለ የሚወዳደርባቸው ትላልቅ አዳራሾች በየከተማው ተከፍተው ነበር። ዐሥሩ ዓመት ሳያልቅ ከእነዚያ አዳራሾች የሚበዙት ተዘጉ። ጨዋታው ግን አልሞተም፤ ወደ ቤት ገባ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ዛሬም ብዙ ክበቦች የሚሰበሰቡት በአንድ አባል ቤት ነው፤ በምድር ቤት ወይም በመኪና ማቆሚያ ውስጥ። ከእነርሱም ጎዳናውን ከፋብሪካ የማይገዙ አሉ፤ ሰፋ ባለ ጣውላ ላይ ፈሩን ቦርቡረው ግራና ቀኙን የመዳብ ጥብጣብ ይለጥፉበታል።

የእኛ ጎዳና የሚዘረጋው በሳሎን ወለል ላይ ነው። ቅዳሜ ጧት በ3 ሰዓት ሶፋው ወደ ግድግዳ ይገፋል፤ ምንጣፉ ይጠቀለላል። ምንጣፉን የምንጠቀልለው ለንጽሕና ብለን አይደለም፤ ፀጉሩ በመኪናው ጥርሶች ላይ እየተጠመጠመ ሞተሩን ስለሚያንቀው ነው። ቁርጥራጮቹ ተጋጥመው 9 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጎዳና ይሠራሉ። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ መመርመር አለበት፤ አንዱ ከላላ መኪናው ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ላይ እንደ ደከመ በቅሎ ይለግማል። ከዚያ ጎማዎቹን በሚያጣብቅ ፕላስተር ላይ እያንከባለልን አቧራቸውን እናነሣለን። አቧራ የያዘ ጎማ በቀጥታው ላይ ደኅና ይሄዳል፤ የሚያዋርደው መታጠፊያው ላይ ነው። የወዳጃችን እናት ቡናና ቆሎ ያቀርቡልናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይሁን እንጂ የሕጋችን አራተኛ አንቀጽ ቆሎን ከጎዳናው ሁለት ክንድ ያርቃል፤ አንዲት የገብስ ፍሬ በፈሩ ውስጥ ከገባች ማንኛውንም መኪና ትገለብጣለችና።

አሁን ስለ አነዳዱ። በቀጥታው መንገድ ላይ መኪናው በሰከንድ 3 ሜትር ይሄዳል እንበል። ይህንኑ በ32 ብናበዛው በሰዓት 345 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ታናናሾቻችን ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን ውድድሩ የሚወሰነው በዚያ አይደለም። ወደ መታጠፊያ የሚገባ አካል ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ፤ በመስመሩ ላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን በክፍላችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያላየ ተማሪ የለም፤ ነገር ግን ጣት ሌላ ትምህርት ቤት ነው። አዲስ ነጂ ምላጩን የሚለቀው መታጠፊያው ሲደርስ ነው፤ ያን ጊዜም መኪናው ከሶፋው ሥር ነው። የለመደ ነጂ ከመታጠፊያው በፊት ይለቃል፤ ግማሹን እንደ ታጠፈም መልሶ ይስባል። ሲመለከቱት የሚያዘግም ይመስላል፤ ዙሩ ሲቆጠር ግን ቀዳሚው እርሱ ነው።

የዛሬ መኪናዎች ከሆዳቸው ሥር ወደ ብረቱ መስመር የሚስባቸው ማግኔት አላቸው። በዚህ ነገር ክበባችን ሦስት ለሦስት ተከፍሎ ሁለት ቅዳሜ ተከራክሯል። ማግኔቱ ይኑር ያሉት መኪናው ይፈጥናል፤ አይወድቅም አሉ። ይውጣ ያሉት ደግሞ፤ ማግኔት ያለበት መኪና እስከ መጨረሻው ተጣብቆ ቆይቶ ያለ ማስጠንቀቂያ ይበራል፤ ማግኔት የሌለው ግን ጭራውን እያንሸራተተ ነጂውን አስቀድሞ ያስጠነቅቀዋል ሲሉ መለሱ። በመጨረሻ ወጣ። እኛ በበኩላችን የሚናገር መኪና ከዝምተኛው ይሻላል እንላለን።

በመካከላችን ከባድ ነገር የተነሣው ግን በየካቲት ወር ነው። ሁለቱ መኪናዎች ተከታትለው ሲሄዱ የፊተኛው ፈር ለቀቀ። ወዲያው የሁለተኛው መኪና ነጂው ምላጩን ሳይጨምር በድንገት ተወርውሮ ከግድግዳ ተጋጨ። ይህ በአንድ ጧት ሦስት ጊዜ ሆነ። የተጎዳው ወዳጃችን ከትራንስፎርመሩ አጠገብ የተቀመጠውን በክፉ ዐይን ተመለከተው፤ «እጅህን ከዚያ አንሣ» አለው። ያኛው ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ልጆች ናቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሳይነጋገሩ ሰነበቱ። ቡድን ተለየ፤ ክበቡም ሊፈርስ ቀርቦ ነበር።

ነገሩን የፈታው ሽማግሌ ሳይሆን ቮልት መለኪያ ነው። የፊዚክስ መምህራችን ዕቃውን ወደ ቤተ ሙከራ አምጡት አሉንና መለኪያውን በፈሩ መስመሮች ላይ አገናኙት። ሁለቱ መኪናዎች አብረው ሲሄዱ መርፌው ዝቅ ይላል፤ አንዱን መኪና ስናነሣው መርፌው ወደ ላይ ይዘላል። አንድ ትንሽ ትራንስፎርመር ሁለት ሞተር ሲመግብ ቮልቱ ይወርዳል፤ አንዱ ሲወድቅ የእርሱ ድርሻ ሳይታሰብ ለሌላው ይተርፈዋል፤ መኪናውም የሚወረወረው በዚህ ምክንያት ነው። ለካስ የማንም እጅ አልነበረበትም። ሁለቱ ወዳጆቻችን መርፌውን ሦስት ጊዜ ሲወጣና ሲወርድ አብረው አዩት። ይቅርታ ተባባሉ ወይ ብትሉን እኛ አልሰማንም፤ ግን ከቤተ ሙከራው የወጡት በአንድ ጃንጥላ ነው። ከዚያ በኋላ ስድስታችንም አዋጥተን ሁለተኛ ትራንስፎርመር ገዛን። ዛሬ እያንዳንዱ ፈር የራሱ ምንጭ አለው፤ የጎረቤት መውደቅ ማንንም አይነካም።

ሌላው የክርክር ምንጭ የፈሮቹ አለመተካከል ነው። በስፖርት ቀን የ400 ሜትር ሯጮች መነሻቸው ደረጃ በደረጃ ወደፊት የሚገፋው ለምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ የውጪው መስመር ስለሚረዝም ነው። የሯጮቹ መስመር ስፋት 1 ሜትር ከ22 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህ በሁለት ፓይ ሲበዛ በአንድ ዙር የ7 ሜትር ከ66 ሳንቲ ሜትር ያህል ልዩነት ያመጣል። በእኛ ጎዳና በሁለቱ ፈሮች መካከል ያለው ርቀት 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ልዩነቱ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚያስደንቀው፤ ጎዳናው ክብ ይሁን ሞላላ፤ ወይም እንደ ባቄላ ይጣመም፤ ራሱን እስካላቋረጠ ድረስ ልዩነቱ አይለወጥም። እንደ 8 ቁጥር ራሱን ካቋረጠ ግን አንዱ መታጠፊያ የወሰደውን ሌላው ይመልሳል፤ ሁለቱ ፈሮች እኩል ይሆናሉ። ይህን ለሒሳብ መምህራችን ስንነግራቸው «ማረጋገጫውን አምጡ» አሉን፤ ለሁለት ቀን እንቅልፍ አጥተን አመጣን።

መስቀለኛ ቁርጥራጭ በሣጥናችን ውስጥ ስለሌለ ፈሮቹን እኩል ማድረግ አልቻልንም። ስለዚህ የውጭ አገር ክበቦች የሚያደርጉትን አደረግን፤ ሁሉም በሁሉም ፈር ይነዳል። እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ በውስጠኛው፤ ሁለት ደቂቃ በውጪው ነድቶ ዙሮቹ ይደመራሉ። ስድስት ሰው በስድስት ግጥሚያ ያልቃል። በማንኛውም ግጥሚያ ሁለቱ ሲነዱ ሁለቱ ዙር ይቆጥራሉ፤ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ በመታጠፊያዎቹ ተንበርክከው የወደቀውን መኪና ያነሣሉ። እነዚህን አንሺዎች እንላቸዋለን። አንሺ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይጠብቃል፤ መኪና ሲወድቅ መልሶ ከፈሩ ያስገባና «ገባ!» ብሎ ይጮኻል። ሁለት ከወደቁ መጀመሪያ የወደቀው መጀመሪያ ይነሣል። የማን እንደ ሆነ መመልከት አይፈቀድም።

በፋሲካ ማግስት ቅዳሜ ከሁለቱ እኅቶቻችን አንደኛዋ ሁለቱን ግጥሚያዎቿን ጨርሳ 41 ዙር አስመዝግባ ነበር። ሊደርስባት የሚችለው የመጨረሻው ነጂ ብቻ ነው፤ እርሱም 21 ይዞ 21 ይፈልጋል። የሕጉ ተራ ደግሞ እርሷን በትልቁ መታጠፊያ አንሺ አድርጓታል። 18ኛውን ዙር ጨርሶ ሃያ ሰከንድ ያህል ሲቀረው መኪናው ከፊቷ ወደቀ። በሩ ላይ የተሰበሰቡት ሕፃናት «ተይው! ተይው!» ብለው ጮኹ። አንሥታ አስገባችውና «ገባ!» አለች፤ ከወትሮው ፈጥና እንጂ ዘግይታ አልነበረም። እርሱ 42 ሞላ፤ እርሷ ሁለተኛ ወጣች።

ከዚያ በኋላ አንዳንዶቻችን ሕጉ ይለወጥ አልን፤ ለማሸነፍ የቀረበ ሰው በመታጠፊያ አይቁም፤ ፈተናው ይከብዳል ብለን። የተቃወመችው እርሷ ናት። «እኔ ሳነሣ ካላመናችሁኝ ስነዳም አትመኑኝ» አለችና ሲኒዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። ሕጉ አልተለወጠም።

በሰኔ እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት እንወጣለን፤ ስድስታችንም ወደ ስድስት ቦታ ሳንሄድ አንቀርም። የዕቃው ባለቤት ሣጥኑ ለቤተ ሙከራው እንዲቀር ፈቅዷል፤ ሁለቱም ትራንስፎርመሮች አብረው ይቀራሉ። ከርእሰ መምህራችን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ የእንጨት ሥራ ክፍሉ በሚመጣው ዓመት አራት ፈር ያለው የጣውላ ጎዳና፤ ያውም በ8 ቁጥር ቅርጽ፤ እንዲሠራ ይፈቀድለት። ንድፉን በልኩ ሥለን ለመምህሩ ሰጥተናል። የሕጉን ደብተር የሚረከቡ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ስማቸውን ዛሬ ቢያስመዘግቡ ደስ ይለናል።

ከዚህ በኋላ ጎዳናው ለሁላችሁም ክፍት ነው። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ለሁለት ደቂቃ ትነዳላችሁ፤ ነድታችሁ ስትጨርሱም ምላጩን ለተረኛው አስረክባችሁ ወደ መታጠፊያው ትሄዳላችሁ፤ ወላጆችም ቢሆኑ። ቆሎና ማስቲካ ከጠረጴዛው ይራቅ። በመካከል መብራት ከጠፋ መኪናዎቹን ማንም አይንካ፤ ባሉበት ይቆያሉ፤ የቀረው ሰከንድም ተጽፎ ይጠበቅላችኋል።