ሰርቨሩን ሳያጠፉ ውስጡን ስለ ማየት

(የኮምፒዩተር ሙያ ለሚማሩ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ርእስ ለወላጆች የሚሆን አይመስልም። ሆኖም በመምጣታችሁ ደስ ብሎኛል፤ ልጆቻችሁ የሌሊት ሚሽሜሬት ገብተው ሲያድሩ ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ይገባችኋልና። ስለዚህ መጀመሪያ ለእናንተ በአጭሩ ተናግሬ ወደ ወጣቶቹ እመለሳለሁ።

ባንኮች፣ የሕክምና ተቋማትና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚጠቀሙባቸው ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የተጻፉት፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ ባደረገው ጃቫ በሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ ነው። ፕሮግራሙ ሰርቨር ላይ ሆኖ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። አንድ ሌሊት ታዲያ ይዘገያል፣ ወይም ጨርሶ መልስ መስጠት ያቆማል። ያን ጊዜ በሥራ ላይ ላለው ወጣት ብዙውን ጊዜ የተሰጠው መመሪያ «አጥፍተህ አስነሳው» የሚል ብቻ ነው። ያጠፋዋል፣ ያስነሳዋል፣ ሰርቨሩም ይሠራል። ነገር ግን ለምን እንደ ቆመ ሊነግረን ይችል የነበረው ማስረጃ አብዛኛው የነበረው በሜሞሪው ውስጥ ነው፤ ሰርቨሩ ሲጠፋ አብሮ ጠፋ። በሳምንቱ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

እንደኔ አስተያየት የወጣቶቻችን ዕድገት ከሚሰናከልባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። በማጥፋትና በማስነሳት ብቻ የሚያድር ሰው በዓመቱም እዚያው ወንበር ላይ ይገኛል። የቆመበትን ምክንያት በሦስት መስመር ጽፎ ጠዋት ለሚገቡት የሚተው ግን ስሙ መጠራት ይጀምራል።

እንግዲህ ወደ ወጣቶቹ ልመለስ። ስክሪፕት ኮንሶል የሚባለው በብራውዘር የሚከፈት ገጽ ነው፤ መጻፊያ ሣጥንና አንድ አዝራር አለው። ምሳሌዬ ጄንኪንስ ነው። ይህን ፕሮግራም ኮህሱኬ ካዋጉቺ በሰን ሲሠራ በ2004 ሃድሰን ብሎ ጀመረው፤ በ2011 ከኦራክል ጋር በስሙ ላይ በተነሣው አለመግባባት ጄንኪንስ ተባለ። በሣጥኑ ውስጥ የምትጽፉት ቋንቋ ግሩቪ ይባላል፤ ጃቫን የሚያውቅ በቶሎ ይለምደዋል።

አዝራሩን ስትጫኑ የጻፋችሁት ወደ ሰርቨሩ ይላካል፤ እዚያም ተተርጉሞ በዚያው በሚሠራው የጃቫ ማሽን ውስጥ ይሮጣል፣ ውጤቱም ወደ ገጹ ይመለሳል። «በዚያው» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ስክሪፕታችሁ ከውጭ ሆኖ የሚያይ እንግዳ አይደለም፤ ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ይቀመጣል። ሰርቨሩ የሚያየውን ሁሉ ያያል፣ ሰርቨሩ የሚችለውን ሁሉ ይችላል።

ሰርቨሩ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚታዩት ስሬዶቹ ናቸው፤ ስሬድ ማለት በፕሮግራሙ ውስጥ ያለ አንድ የሥራ መስመር ነው። በሁለት መስመር ስክሪፕት እያንዳንዱ አሁን የትኛው የኮድ መስመር ላይ እንደ ቆመ ማተም ይቻላል፤ በኋላ ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ። አንድ ጊዜ ማየት ግን አይበቃም። በአሥር ሰከንድ ልዩነት ሦስት ጊዜ እዩ። በሦስቱም ጊዜ ያው ስሬድ በያው መስመር ላይ ከተገኘ ጥርጣሬያችሁን እዚያ ጣሉ። ብዙዎቹ አንድ ቁልፍ ሲጠብቁ ከተገኙ ቁልፉን የያዘውን ፈልጉ። ሁሉም የዳታቤዝ ግንኙነት ለማግኘት ከተሰለፉ ደግሞ ጥፋቱ ያለው ምናልባት ዳታቤዙ ዘንድ ነው፤ አለዚያም ግንኙነት ወስዶ የማይመልስ ኮድ አለ ማለት ነው።

ስለ ሜሞሪ ብዙ ሰው የሚስተውን ልንገራችሁ። የጃቫ ማሽን «ነጻ» ብሎ የሚያሳየው ቁጥር እስካሁን ከወሰደው ውስጥ የተረፈውን ብቻ ነው፤ ገና ሊወስድ የተፈቀደለትን አይጨምርም። ስለዚህ ነጻው አነሰ ብላችሁ አትደንግጡ፤ የተያዘውን ከተፈቀደው ከፍተኛ መጠን ጋር አወዳድሩ። የተያዘው ውስጥም ገና ያልተጠረገ ቆሻሻ አለ። ከጥረጋ በኋላ የሚቀረው ከሰዓት ወደ ሰዓት ከፍ እያለ ከሄደ ግን በእርግጥ ችግር አለ።

ሌላም ጥቅም አለው። በታኅሣሥ 2021 ሎግፎርጄ በሚባለው የጃቫ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከባድ ቀዳዳ ሲገኝ፣ በየቦታው የተጠየቀው ጥያቄ «ይህ ነገር እኛ ዘንድ አለ ወይ?» የሚል ነበር። ዝርዝር ወረቀት አንድ ይላል፣ ሰርቨሩ ውስጥ ያለው ሌላ ይሆናል። በኮንሶሉ ግን አንድ ክላስ ከየትኛው ፋይል እንደ ተጫነ ራሱን የሚሠራውን ማሽን መጠየቅ ይቻላል።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። እናቶች እንደሚያውቁት፣ እንጀራው እንዴት ሆነ ብሎ አክንባሎውን ደጋግሞ የሚከፍት ሰው እንፋሎቱን ያስወጣዋል። እዚህም ማየት በነጻ አይደለም። ጄንኪንስ የድሮ ሥራዎቹን መዝገብ ሳያስፈልግ ከዲስክ አያነሣም፤ እናንተ ግን «ሁሉንም ቁጠርልኝ» የሚል ስክሪፕት ብትጽፉ ሁሉንም እያነሣ ወደ ሜሞሪ ያስገባል፣ ታሞ የነበረውም ሰርቨር ጨርሶ ይወድቃል። ደግሞም ገጹ ላይ ማቆሚያ አዝራር የለም። ብራውዘሩን ብትዘጉም ስክሪፕቱ እዚያ መሮጡን ይቀጥላል። ስለዚህ በመጀመሪያ በትንሽ ቁጥር ሞክሩ፣ ገደብ አብጁለት፤ ስክሪፕቱንም መጀመሪያ በሙከራ ሰርቨር ላይ አስሩጡት።

ከሁሉም የሚከብደው የቁልፉ ጉዳይ ነው። የጄንኪንስን ኮንሶል መክፈት የሚችለው ሙሉ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያለው ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ገጽ የተቀመጡ የይለፍ ቃላትን እንኳ ገልጦ ማንበብ ይቻላል። እንዲህ ያለ ገጽ ሳይቆለፍ ሲቀር ምን እንደሚሆን በጄቦስ ታይቷል። የአስተዳደር ገጹ ጌትና ፖስት የሚባሉትን ሁለት የጥያቄ ዓይነቶች ብቻ ነበር የይለፍ ቃል የሚጠይቀው፤ ሄድ በሚባለው ሦስተኛ ዓይነት የመጣ ሰው ሳይጠየቅ ያልፍ ነበር። ሬድ ሃት በ2010 ማረሚያ አወጣ። በ2011 ግን ማረሚያውን ያልጫኑትን ሰርቨሮች እየፈለገ የሚገባ ትል በኢንተርኔት ተሰራጨ። በሩ ሁለት መዝጊያ ነበረው፣ መስኮቱ ክፍት ነበር።

ሌባ ሁልጊዜ ከውጭ አይመጣም። አግሮን የተባለውን ጉዳይ ከመካከላችሁ የሚያስታውስ ይኖራል። በ2006 በአንድ የመንግሥት ሚኒስቴር በኮንትራት ይሠራ የነበረ ሰው የሕዝብ መዝገቡን ቅጂ ይዞ ወጣ፤ ከዘጠኝ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ሰዎች ስም፣ የተዑዳት ዜሁት ቁጥርና የቤተሰብ ዝምድና በኋላ በኢንተርኔት ላይ ተበተነ። የእኔም የእናንተም ስም እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ያ ሰው ግድግዳ አልሰበረም፤ መግባት ተፈቅዶለት ነበር።

ስለዚህ ቁልፉ ሲሰጣችሁ እንዲህ አድርጉ። በራሳችሁ ስም ግቡ፣ የጋራ የይለፍ ቃል ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። ያስሮጣችሁትን ስክሪፕት ከነሰዓቱ በሥራ መዝገቡ ላይ ለጥፉ። የሰው ስምና ቁጥር የሚያትም ስክሪፕት ሰርቨርን ለማዳን የሚያስፈልግበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፤ አለቃ ቢያዛችሁም ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቁ። አንዳንዱ አለቃ ይቆጣ ይሆናል። ነገ ጥያቄ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው በዚያ ሌሊት የገባው ልጅ መሆኑን እናንተም ወላጆቻችሁም እወቁት።

ጄንኪንስ በነጻ የሚገኝ ስለ ሆነ በቤታችሁ ኮምፒዩተር ላይ ጭናችሁ፣ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ስሬዶቹን አትማችሁ አምጡ። ሁለት ስሬዶች እርስ በርሳቸው ቁልፍ ተከልክለው የሚቆሙበትን ምሳሌ እኔ ይዤ እመጣለሁ። አሁን ሰሌዳውን ወደዚህ አምጡልኝ፤ ያልኳችሁን ሁለት መስመር ልጻፍ።