አራት ቀን ለሸገር

እሱ፦ የጥሊሊ ሰው አዲስ አበባ የሚሄደው ለሕክምና ወይም ለጉዳይ ነው። «አራት ቀን አለኝ፣ ከተማውን ልይ» የሚል ሰው ቢመጣ ምን ትይዋለሽ?

እሷ፦ በምን ትሄዳለህ እለዋለሁ። በመኪና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቡሬን፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ ከደጀን ዓባይ በረሃ ወርዶ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ አንዱ ቀን አለቀ።

እሱ፦ በአውሮፕላንስ?

እሷ፦ አዲስ አበባ ለመሄድ ጀርባ ሰጥቶ መነሳት ነዋ! በእንጅባራ፣ በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር፤ ከዚያ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ግን የመንገዱን ሰላም ሳልጠይቅ ትኬት አልቆርጥም።

እሱ፦ ደረሰ እንበል።

እሷ፦ ፒያሳ ይጀምር። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያ ነው። ቀጥሎ አራት ኪሎ፣ አንድነት ፓርክ። ትንሽ ከፍ ሲል ብሔራዊ ሙዚየም፤ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ ቤት።

እሱ፦ እንጦጦስ?

እሷ፦ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ቢሆንም የጥሊሊን ብርድ የለመደ ሰው ምን ይሆናል!

እሱ፦ መርካቶን ዘለልሽው።

እሷ፦ እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። በሌላው ቀን ይሂድ፤ ኪሱን ይጠብቅ እንጂ።

እሱ፦ ማረፊያውስ? እኔ ዘመድ ቤት ነው የምለው።

እሷ፦ አልስማማም። «ቡና ሳትጠጣማ አትወጣም» ሲባል ይረፍዳል፣ ሦስተኛው ሲፈላ እኩለ ቀን ይሆናል። ከቻለ መሀል ከተማ አልጋ ይያዝ፣ ዘመዱን በመጨረሻው ማታ ይጠይቅ።

እሱ፦ ዘመድ ይቀየማል!

እሷ፦ አስቀድሞ ከተደወለለት አይቀየምም። አድማጮቻችን፣ መታወቂያችሁን ሳትይዙ ግን ከቤት እንዳትወጡ።