ከአምስት ድምፅ እንጀምር፦ ለፒያኖ ጀማሪ ዜማ ስለመምረጥ

ጭቃውና ዝናቡ ሳያግዳችሁ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከደምበጫ ጅጋ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ምስጋናዬን በዚሁ ላብቃና ወደ ጉዳዩ ልግባ። የተሰጠኝ ርዕስ «ፒያኖ ነክቶ ለማያውቅ ሰው ቀላል ዜማ እንዴት ይመረጣል?» የሚል ነው። ዓመት ስጠቅስ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ልጁ ኪቦርድ ያገኛል፤ ከስልክ ላይ የሰማውን የቤትሆቨንን «ፉር ኤሊዝ» ካልተጫወትኩ ይላል። ቤትሆቨን በ1810 የጻፈው ይህ ሥራ መግቢያው በሁለት ጎረቤት ቁልፎች መመላለስ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ልጁም መግቢያዋን በአንድ ቀን ይለቅማታል። ግራ እጅ ሲገባ ይደናቀፋል፤ መካከሉ ላይ ሲደርስ ጨርሶ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያችኑ መግቢያ ሲደጋግም ይኖራል፤ አንድም ዜማ ከዳር ሳያደርስ «ተሰጥኦ የለኝም» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ የልጁም የቤትሆቨንም አይደለም፤ የመራጩ ነው።

እኔ የምለው አጭር ነው። ለጀማሪ የሚመረጥ ዜማ ጆሮው አስቀድሞ የሚያውቀው፣ እጁ ሳይጨነቅ የሚደርስበት፣ አጭር ሆኖ ግን ሙሉ የሆነ መሆን አለበት። ሦስተኛውን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ አይሰጠውም። በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ። ከዚያ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት፣ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት እያለ ነው ወደ መወድስ የሚደርሰው። ካጠፋሁ እዚህ ያሉት የኔታ ያርሙኝ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ስለሆነ ግን ጎዶሎ ነው የሚለው ማነው? ሰምም አለው፣ ወርቅም አለው፣ ቤቱም ይመታል። እነ ዲማና ደብረ ኤልያስ ሊቃውንቱን ያፈሩት ከዚህች ትንሽ ነገር አስጀምረው ነው። ለፒያኖ ጀማሪም የምፈልግለት እንደ ጉባኤ ቃና ያለ ዜማ ነው።

አሁን ወደ ጆሮው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ብዘገይ ፍቀዱልኝ፤ ብዙ የደከምኩበት ነገር ነው።

የእኛ ልጅ ጆሮው በአምስት ድምፅ የተሠራ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ ሁሉም በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው። በውጭ አገር የጀማሪ መጽሐፍ ግን አምስቱ ጣቶች ተከታታይ በሆኑት በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ላይ ይቀመጣሉ። ለእጅ ይመቻል፤ ለልጁ ጆሮ ግን እንግዳ ነው። ታዲያ ቅኝቶቻችን ቁልፎቹ ላይ የት ናቸው?

መጀመሪያ ጥቁሮቹን እዩ። ጥቁሮቹ ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ተቧድነዋል። የግራ እጃችሁን ሦስት ጣቶች በሦስቱ ላይ፣ የቀኝ እጃችሁን ሁለት ጣቶች ወደ ቀኝ በሚቀጥሉት ሁለቱ ላይ አድርጉ። ከግራ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ወደ ቀኝ ንኳቸው። ትዝታ ሜጀር ነው! ከጥቁሮቹ እስካልወጣችሁ ድረስ ከቅኝቱ የሚያስወጣ ድምፅ ልትነኩ አትችሉም። አንድ ጊዜ ከወደ ገጠሩ ለመጣ እረኛ ልጅ ይህን አሳየሁት። የያዘው ዋሽንት አራት ቀዳዳ ነበረው፤ ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑና ሲከፈቱ አምስቱን ድምፅ ያወጡለታል። ጥቁሮቹን አንድ ጊዜ ወጥቶ ወረደባቸውና ከብት ሲጠብቅ የሚነፋትን ዜማ እዚያው ላይ ፈልጎ አገኛት። ኖታ አላየም፤ እኔም ዝም ብዬ ነበር የምሰማው። ያ ልጅ ጀማሪ ነው ወይ ብትሉኝ፣ ጣቱ እንጂ ጆሮው ጀማሪ አልነበረም።

ወደ ነጮቹ ስንሻገር ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ ለትንሽ እጅ ስለሚሰፋ ለሁለት እጅ ይከፋፈላል። አምባሰል ከሚ ይነሳል፤ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። ትዝታ ማይነር ከላ ይነሳል፤ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አስተያዩአቸው፤ ቁልፎቹ እነዚያው አምስቱ ናቸው! የተለየው መነሻውና ማረፊያው ብቻ ነው። ባለሙያ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ለጀማሪ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያየሁት ግን ሰሞኑን ከተማሪዎቼ ጋር ስሠራ ነው። ጣት ሳይቀየር ማረፊያውን ከላ ወደ ሚ ሲያዞሩት የዜማው ስሜት ወዲያው ይለወጣል። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ «ይቺ ሌላ ናት» ይላሉ። ቅኝት ምን እንደሆነ በቃል ሳላስተምራቸው ገባቸው። አንቺ ሆዬ ብቻ ከሲ ተነስቶ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ካለ በኋላ በሶልና በላ መካከል ያለውን አንድ ጥቁር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ይቆይ። ማሲንቆ መቺዎች እንደምታውቁት ኪቦርድ ድምፁ የተወሰነ ነው፤ በማሲንቆና በዋሽንት ያለውን ልስላሴ ሁሉ አይሰጥም። ለጅማሬ ግን ይበቃል።

እስካሁን ያልኩትን ላጠቃልል፦ ጆሮ ከጣት ይቀድማል።

ይህን መንገድ እኔ አልፈጠርኩትም። ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ፤ ከዚያ በካይሮ ከፖላንዳዊው ኮንቶሮቪች ዘንድ የሙዚቃ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። መንኩሰው በግሸን ማርያም ለዓመታት ከቆዩ በኋላ ወደ ፒያኖው ተመልሰው በ1960ዎቹ የመጀመሪያ ሸክላቸውን አሳተሙ። በ2023 በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም እስካረፉ ድረስ የአውሮፓን ትምህርትና የአገራቸውን ቅኝት አንድ ላይ ይዘው ኖረዋል። ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋም ከክራር ተነስቶ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በሶፊያ ተምሮ «አምባሰል»ን ለፒያኖ አዘጋጅቷል። የሁለቱም ሥራ ለጀማሪ ጣት ከባድ ነው፤ ለጀማሪ ጆሮ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አሰሙት። ሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ባርቶክም የገበሬውን ዜማ መንደር ለመንደር እየዞረ ሰብስቦ በ1908 እና በ1909 «ለልጆች» የሚለውን ሥራ ጻፈ፤ በኋላም 153 ቁራጮች ያሉትን «ሚክሮኮስሞስ»ን አዘጋጀ። በዚህኛው መጀመሪያ ላይ ሁለቱ እጆች አንድ ዜማ አብረው ይጫወታሉ። የሃንጋሪ ልጅ ከአገሩ ዜማ ከጀመረ፣ የጎጃም ልጅ ለምን ከሩቅ ይጀምራል?

ሰዓቱ ሄዷል፤ የርዕሱን ዋና ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምትመርጡት ዜማ ከአምስት ድምፅ አይለፍ። ልጁ በቃሉ የሚዘፍነው ይሁን። ምቱን መጀመሪያ በጭብጨባ ይምታው። ሁለቱ እጆች በአንድ ጊዜ የተለያየ ነገር አይጠየቁ። ለዚህ የቡሄው «ሆያ ሆዬ» እና የእንቁጣጣሹ «አበባየሆሽ» የሚመቹ ናቸው፤ አውጪና ተቀባይ አላቸውና። ቀኝ እጅ ያውጣ፣ ግራ እጅ ይቀበል፤ አንዱ ሲጫወት ሌላው ያርፋል። ቀጥሎ «እሹሩሩ»ን ይጫወት፣ ግራ እጅ አንድ ድምፅ ብቻ ይዞለት። ኖታ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ የሚያውቀውን ዜማ በኖታ ሲያይ ቶሎ ይገባዋል። ከዚያ ባርቶክ፣ ከዚያ በ1725 ከተጀመረው የአና ማግዳሌና ባህ ደብተር በሶል ሜጀር ያለችው ሚኑዌት፤ ደራሲዋ ፔትሶልድ ነው፣ ለረጅም ጊዜ የባህ ስትባል ኖራለች። «ፉር ኤሊዝ»ም ተራው ሲደርስ ይምጣ፤ አልከለከልኩም።

ወላጆች፣ ስለ ዕቃው ለምትጠይቁኝ፦ ትልቁ ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ ለጀማሪ 61 ያለው ኪቦርድ ይበቃል። መብራት በሚጠፋበት አገር በባትሪ ድንጋይም የሚሠራውን ምረጡ። ልጁ በቀን ጥቂት ደቂቃ ቢቀመጥበት በሳምንት አንዴ ግማሽ ቀን ከሚቀመጥ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ልመናዬ። ከዳሞት እስከ ቡሬ ያሉት የልጆች ዘፈኖች፣ የእረኛ ዜማዎችና የእናቶች እንጉርጉሮዎች ለጀማሪ ጣት ተዘጋጅተው የተጻፉበት ደብተር በእጃችን የለም። ያንን ደብተር የሚሠራልን ሌላ ሰው አንጠብቅ። እያንዳንዳችሁ መምህራን ከመንደራችሁ አንድ አጭር ዜማ ይዛችሁ ኑ፤ ኖታ የማትጽፉ በስልክ ቀድታችሁ አምጡልኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ። የዘፈነችውን እናት ስምና የመጣበትን ቀበሌ፣ ፈቃዷን ጠይቃችሁ፣ ከጎኑ አስፍሩ። መስከረም ትምህርት ሲከፈት ልጆቻችን ከዚያ ደብተር ይጀምሩ።