የዕድር ገንዘብ ለዕለት ሐዘንና ለክፉ ቀን
(በድሬዳዋ ለዕድር አመራሮች ከቀረበ ንግግር)





በሐዋርያት ዘመን ሰባቱ ዲያቆናት የተሾሙት መበለቶች በዕለቱ ማዕድ ተዘነጉ የሚል ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ነበር። የችግረኛን ድርሻ በትክክል መያዝና ማካፈል ከጥንት ጀምሮ መንፈሳዊ አገልግሎት ነው። የዕድር መዝገብም ከዚህ ተለይቶ አይታይም።

ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ መምጣት ጋር የተቆረቆረች፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚኖርባት ናት። ዘመዱ ሩቅ የሆነውን ሰው በክብር የሚሸኘው ጎረቤቱ ነው። ይህን አደራ የተሸከመው የዕድር ሣጥን ግን ሁለት ፈተናዎች አሉበት።

የመጀመሪያው የብር አቅም መድከም ነው። በ1985 ዓ.ም. የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2.07 ወደ 5 ብር ከፍ አለ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ዘይቱ፣ የድንኳኑ ሸራና የመኪናው ነዳጅ ዋጋቸው ሲንር መዋጮው ባለበት ከቆመ፣ በመዝገብ ላይ ያልጎደለው ገንዘብ በገበያ ላይ ጎድሏል።

ሁለተኛው ድንገተኛ መቅሠፍት ነው። አንድ መቶ አባላት ያሉት ዕድር በወር 20 ብር ቢሰበስብ በዓመት 24,000 ብር ያገኛል። ለአንድ ሐዘንተኛ 4,000 ብር ቢሰጥ ለስድስት ቤት ይበቃዋል። ዐሥር ቤት በአንድ ሌሊት ቢያዝንስ? ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ሲወስድ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይለይ ሰፈሩ ሁሉ በአንድነት ሐዘን ተቀመጠ። እንዲህ ያለውን ቀን የወሩ መዋጮ ብቻውን አይችለውም።

ስለዚህ መዋጮው በየዓመቱ በጥቂቱ ይከለስ፤ በአንድ ጊዜ እጥፍ ማድረግ ድሀውን አባል ከመዝገብ ያስወጣዋል፤ እርሱ ደግሞ ዕድር ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ነው። ከድንኳን፣ ከወንበርና ከዕቃ ኪራይ የሚገኘው ገቢ ተከፍሎ፣ ከፊሉ መክፈል ላቃታቸው አባላት ይሁን፤ ቀሪው በሦስት ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ለክፉ ቀን ይቀመጥ። ሒሳቡም በየሦስት ወሩ ለአባላት ይነበብ፤ አባል ያላየው ሒሳብ፣ ንጹሕ ቢሆን እንኳ፣ ለሐሜት በር ይከፍታል።